እምቢ ያለው ላፕቶፑ አይደለም፣ ዋይፋዩ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ላከልኝ። ርእሱ «አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን ትርፉ ድካም ነው» ይላል። (ሊኑክስ በዊንዶውስ ወይም በማክኦኤስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው።) ከሥሩ «አንተ ሰዉን ሁሉ ስታስጭን ነበር፤ እስቲ መልስ ስጥ» የሚል ጨምሮበታል። ነገር ፍለጋ መሆኑ ነው። አነበብኩት። ጸሐፊው ውሸታም አይደለም፤ የደረሰበትን ነው የጻፈው። ያላስማማን ከዚያ ተነስቶ የሰጠው ፍርድ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ከአሜሪካ የተላከለት የ2013 ማክቡክ ኤር አለው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ማሽኑ ከማክኦኤስ ቢግ ሰር ወዲያ ያለውን አይቀበልም። ቢግ ሰር ደግሞ ከ2023 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ ቆሞበታል። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነበት። ዋይፋዩ እምቢ አለ። ሁለት ሌሊት ታገለ፣ ተናደደ፣ ተወው። ከዚያ ስድስት ነገር ደመደመ። ዋይፋዩ ካልሠራ ላፕቶፑ ከሊኑክስ ጋር አይስማማም። ሊኑክስ ላፕቶፕ ይገድላል። ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫን ይሻላል። በሊኑክስ አማርኛ አይጻፍም። የሥራ ፕሮግራም የለውም። ስለዚህ አዲስ ግዙ።

እንዳጋጣሚ ይህን ማሽን አውቀዋለሁ። የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ ያለውም ያው ሞዴል ነው። አጎታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ በሰው ሻንጣ የላከላት፣ ራሙ 4 ጊጋባይት የሆነ፣ ክዳኑ ትንሽ የተጫረ። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። ልጅቷ አካውንቲንግ ነው የምትማረው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዋይፋዩ ልጀምር፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው።

«ሊኑክስ ዋይፋዬን አላወቀውም፤ ስለዚህ አይስማሙም» ይላል ጸሐፊው። ላፕቶፕ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል። ሲከፍቱት ግን የብዙ ኩባንያ ዕቃ የተሰበሰበበት ሳጥን ነው። በዚህ ማክቡክ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የኢንቴል ነው፤ ሊኑክስ አሳምሮ ያውቀዋል። ግራፊክሱም የኢንቴል ነው፤ ያለ ጣጣ ይሠራል። ኪቦርዱም፣ ታችፓዱም፣ ድምፁም እንደዚያው። ዋይፋዩ ግን ብሮድኮም የሠራው ቢሲኤም 4360 የሚባል ቺፕ ነው። ብሮድኮም ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር (ቺፑን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አውጥቶለታል፤ ኮዱ ግን ዝግ ነው። ከርነል በሚባለው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ደግሞ ዝግ ኮድ አይገባም። ስለዚህ ድራይቨሩ ለብቻው፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ከጎን ይጨመራል። ቁልፉ ጎረቤት የተቀመጠ ቤት በሉት። ቤቱ ደህና ነው፤ ሄዶ ቁልፉን መጠየቅ ብቻ ነው።

የሚያስቀው፣ ኡቡንቱ ሲጫን ይህንኑ ይጠይቃል። መሃል ላይ አንድ ገጽ ይመጣል፤ ለግራፊክስና ለዋይፋይ የሌሎች ኩባንያዎችን ሶፍትዌር ልጨምር ወይ የሚል ትንሽ ሳጥን አለው። ካልነካችሁት ዝም ብሎ ያልፋል። ጸሐፊው ራሱ «ነክስት፣ ነክስት ብዬ ጨረስኩ» ብሏል። ወንድሜ፣ እዚያች ጋ ነው ያመለጠችህ።

ከተጫነ በኋላም ቢሆን አልመሸም። ትልቁ ምሬቱ «ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል» የሚል ነው። አባባሉን ወድጄዋለሁ። መውጫው ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ጋ ሄጄ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ለእሷ የጫንነው ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። እንደተጠበቀው ዋይፋይ የለም። ስልኳን በቻርጀሩ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካነው። ስልኩ ላይ ሆትስፖት ያለበት ቦታ ገብተን «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አበራን። ወዲያው ላፕቶፑ ጥግ ላይ የገመድ ኢንተርኔት ምልክት ብቅ አለ፤ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ነው የሚያየው። «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለውን ከፈትን። ብሮድኮም የሚል አንድ መስመር ብቻ ተቀምጧል። መረጥነው፣ የይለፍ ቃል አስገባን፣ ጠበቅን። ድራይቨሩ እዚያው ማሽኑ ላይ ለከርነሉ እየተሰፋ ስለሚገጠም ትንሽ ይቆያል። እሷ ቡና ልታፈላ ተነሳች። አቦሉ ሳይቀዳ ላፕቶፑን አጥፍተን አበራነው። የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ ተደርድሮ መጣ። የአንዱ ስም «አትስረቁ» ይላል።

አሁን ጸሐፊው ያልጠቀሰውን፣ ቢጠቅሰው ግን ሊረታኝ የሚችልበትን ነገር ራሴ ላውጣው። ብሮድኮም ይህን ድራይቨር ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር የሚጠጋግኑት እነ ኡቡንቱና ዴቢያን ናቸው። አንዳንዴ ጥገናው ይዘገያል። አፕዴት አድርጋችሁ ታድራላችሁ፤ ጠዋት ዋይፋይ የለም። ያኔ ላፕቶፑ ሲነሳ ከሚመጣው ሜኑ የቀድሞውን ከርነል መርጦ መግባት ነው፤ አሮጌው ወዲያው አይሰረዝም። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ከቻርጀሯ ጋር አስሬላታለሁ።

ይህም የሚሰለቸው ሰው ጣት የምታክል ዩኤስቢ ዋይፋይ ይግዛ። ግን ሲገዛ ላፕቶፑን ይዞ ይሂድና ሻጩ ፊት ይሰካው። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ምንም አይነግራችሁም፤ አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቺፕ ሊገኝ ይችላል። ሰክታችሁ የኔትወርክ ዝርዝር ከመጣ ክፈሉ። ካልመጣ መልሱለት።

ካሜራው ሌላ ጣጣ ነው። የብዙ ላፕቶፕ ካሜራ ውስጥ ለውስጥ በዩኤስቢ የተያያዘ ስለሆነ ሊኑክስ ወዲያው ያየዋል። የዚህ ማክቡክ ካሜራ ግን በሌላ መንገድ ነው የተያያዘው፤ አፕልም ድራይቨር አልሠራለትም። በጎ ፈቃደኞች ፈታተው ያጠኑትና የጻፉት ድራይቨር አለ፤ ከርነል ውስጥ ግን አልገባም፣ ሲጫንም አድካሚ ነው። እኔ አልጫንኩላትም። ጸሐፊው ስለ ካሜራው ቢያማርር ኖሮ ዝም እል ነበር። እሱ ግን እዚያ ሳይደርስ ነው የተወው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ከመጫኑ በፊት ማወቅ ይችል ነበር? አዎ። ለኔ ትልቁ ስህተቱ ይህ ነው። ኡቡንቱም ሚንትም ከፍላሽ ላይ ተነስተው፣ ዲስኩን ሳይነኩ፣ ሙሉ በሙሉ ይሠራሉ። ማክ ከሆነ ሲበራ «ኦፕሽን» የሚለውን ቁልፍ ይዞ መቆየት፤ ሌላ ከሆነ እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ወይም ኤስኬፕ። ፍላሹን መርጣችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንደ ገዢ አገላብጡት። ዋይፋዩን እዩ። ዘፈን ክፈቱ። ካሜራውን አብሩ። የስክሪኑን ብርሃን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ክዳኑን ዘግታችሁ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ክፈቱ፤ ተኝቶ የማይነሳ ላፕቶፕ ዋይፋይ ከሌለው የባሰ ነው። የሠራውንና ያልሠራውን ጻፉ። ያልሠራው ሁለት ዕቃ ከሆነ ያላችሁ ሁለት ችግር ነው፤ እያንዳንዱን ለብቻው መፈለግ ይቻላል። «ላፕቶፔ አይስማማም» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም። «ቢሲኤም 4360 አለኝ» ብሎ የሚጠይቅ በአምስት ደቂቃ ያገኛል።

በእውነት የማይስማሙ የሉም ወይ? አሉ። ከ2013 እስከ 2015 አካባቢ የወጡ፣ ቤይ ትሬይል የሚባል የኢንቴል አተም ፕሮሰሰር ያላቸው ትናንሽ ርካሽ ማሽኖች አሉ፤ ኪቦርዳቸው የሚነቀል፣ ታብሌትም ላፕቶፕም ልሁን የሚሉ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው። ሲበሩ ሲስተሙን የሚያስነሳው የብዙዎቹ ቡት ማድረጊያ ግን 32 ቢት ነው። አብዛኛው የሊኑክስ ፍላሽ የሚዘጋጀው ለ64 ቢት ስለሆነ ላፕቶፑ ፍላሹን እንዳላየ ያልፈዋል። አንድ ፋይል ፈልጎ ጨምሮ ይህን ማለፍ ይቻላል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ድምፁን ስታገኙ መሃል ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ይህም ለዓመታት የታወቀ፣ የፕሮሰሰሩን የእንቅልፍ ደረጃ በመገደብ የሚታለፍ ችግር ነው፤ ገደቡ ደግሞ ባትሪውን ይበላል። እንዲህ ያለውን ሰው ይዞብኝ ሲመጣ «ይቅርብህ» ብዬ እመልሳለሁ። ከ2018 እስከ 2020 የወጡትና ቲ 2 የሚባል የአፕል የደኅንነት ቺፕ ያለባቸው ማኮችም በተለመደው ፍላሽ ኪቦርዳቸው እንኳ አይሠራም፤ ለእነሱ ተብሎ የተዘጋጀ ከርነል ይፈልጋሉ። ጸሐፊው የያዘው ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። የሱ እዳው ገብስ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። «ሊኑክስ ላፕቶፕ ይገድላል።» ይህ ወሬ ከመሬት አልተነሳም። በ2013 መጀመሪያ ላይ ኡቡንቱ ሲነሳባቸው ጭራሽ የሞቱ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ነበሩ። በኋላ ሲጣራ ጥፋቱ የላፕቶፖቹ ፈርምዌር (ፋብሪካው ቦርዱ ላይ የጫነው ፕሮግራም) ላይ ተገኘ፤ በዊንዶውስም ያንኑ ሞት ማምጣት እንደሚቻል ታየ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ኡቡንቱ 17.10 የአንዳንድ ሌኖቮ ላፕቶፖችን ባዮስ፣ ማለትም ፈርምዌር፣ አበላሽቶ ፋይሉ እንዳይወርድ ተደረገ፤ ተስተካክሎ የተመለሰው በጃንዋሪ 2018 ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለቱም ታርመዋል።

ዛሬ ላፕቶፕ ላይ አደጋ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ዲስክ እየከፈሉ ሳለ መብራት መሄድ። ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። ሁለተኛ፣ «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን ሳያነቡ መጫን። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ ቢትሎከር ዲስኩን ቆልፎት እንደሆነ ሳያረጋግጡ ባዮስ መነካካት። ከዚያ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ደግሞ ማን እንደከፈተው በማይታወቅ ኢሜይል ውስጥ ነው። ጸሐፊው «ፎቶዎቼ ጠፉ» ያለው በሁለተኛው መንገድ ይመስለኛል። አዝናለሁ፤ ከልቤ። ግን ፎርማት ያደረገ ዊንዶውስ ቢሆንም ይጠፉ ነበር።

ሦስተኛውን ነጥብ ሳነብ ፈገግ አልኩ። «ሊኑክስ ስለማይስማማ ዊንዶውስ 11ን በግድ ጫኑ» ይላል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትም ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ደግሞ ጥቂቶች ሲቀሩ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። የ2013ቱ ማክቡክ ቲፒኤም የለውም፤ ፕሮሰሰሩም 4ኛ ትውልድ ነው። ከሊኑክስ ጋር ያልተግባባው አንድ ቺፕ ነው። ከዊንዶውስ 11 ጋር ያልተግባባው ግን ሙሉ ላፕቶፑ ነው፤ ይህን ያለውም ማይክሮሶፍት ራሱ ነው።

በግድ መጫን ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን ስታዘጋጁ ምርመራውን እንዲያልፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሠርቶም ታያላችሁ። ማይክሮሶፍት ግን መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን የማሻሻያ ዋስትና አልሰጥም ብሏል። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ሊቀር ይችላል። ትልቁ ዓመታዊ ማሻሻያ ሲወጣ ደግሞ ያንኑ ማታለል እንደገና መሥራት አለባችሁ። በ2024 የወጣው ማሻሻያ አንዳንድ የፕሮሰሰር ትዕዛዞችን የግድ ስላደረገ ኮር 2 የሚባለው የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ጭራሽ አይነሱበትም። ያ ሁሉ ቀርቶ በ4 ጊጋባይት ራም ዊንዶውስ 11ን የሞከረ ሰው ትዕግሥቱን ያደንቁለታል።

አማርኛ አይጻፍም ያለው ላይ ብዙ አልቆይም። ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ለመጻፊያ ኤም 17 ኤን የሚባል ጥቅል ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሰላም» እንደምትሉት ስትመቱ ሰላም ይሆናል። ኪማን የሚባለው መጻፊያም ለሊኑክስ ወጥቷል።

አንድ ቦታ ግን ትክክል ነው። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ዶክመንት ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ይሆናል። ፎንቱ የሌለው አዲስ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። ደግሞ ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ፎንት ሲከፈት መስመሩ ይገፋና የአለቃው ፊርማ ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይቀራል። ቢሮ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

የሥራ ፕሮግራም ያለው ላይ ደግሞ ከሞላ ጎደል እጄን እሰጣለሁ። ጸሐፊው ስለ ኦፊስና ስለ ፎቶሾፕ ነው የጻፈው። የኦፊስ ፋይል ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል፤ በብራውዘርም ይሠራል። ፎቶሾፕ በ4 ጊጋባይት ማክቡክ ላይ ድሮም ሥራ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ እውነተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ግን እሱን ሳያነሳ አልፏል። ፒችትሪ። ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ነው፤ የሒሳብ ሰው ኑሮው እሱ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ ያለ ዊንዶውስ የለም። ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ ላይ የሚውል ሰው «ሊኑክስ ልጫንልህ?» ብሎ የሚመጣበትን ሰው ከበር ይመልስ።

እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ትመጣለች። አካውንቲንግ ብያችሁ ነበር። ስጭንላት ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ደወለችና «ወንድሜ፣ ፒችትሪ የት ነው የምጭነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ሌላ ዊንዶውስ በውስጡ ማስነሳት ማሠቃየት ነው። ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ዊንዶውስ መጨመርም ይቻል ነበር፤ 128 ጊጋባይት ዲስክ ተከፍሎ ምን ይተርፋል? በመጨረሻ ፒችትሪውን ግቢ ላብ ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ እንድትሠራ ተስማማን። ንባቧ፣ ጽሑፏ፣ ቪዲዮዋ፣ ሌላው ሁሉ ማክቡኳ ላይ ነው። ፍጹም መፍትሔ ነው አልልም።

«አዲስ ግዙ» ላለው፣ ገንዘቡ ያለው ይግዛ፤ ማን ይጠላል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በሰው ሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ነው።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ደግሞ ደወለች። ዋይፋዩ ጠፋ ልትለኝ መስሎኝ «ወረቀቱን እይ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ለካ አሳይመንት በአማርኛ እየጻፈች ነው። «ኘ እንዴት ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«የ‹ን›ን ቁልፍ ሺፍት ይዘሽ ምቺው።»

«ደግ» ብላ ዘጋችው።